በኪራይ መድረክ ስለሚደርስ በደል በአደባባይ መናገር፦ ቤት አከራዮች ደጋግመው የሚጠይቁት

ቤታቸውን በኢንተርኔት የኪራይ መድረክ ለአጭር ጊዜ እያከራዩ ለሚተዳደሩና «ተበድያለሁ፣ ግን ልናገር ወይስ ልተወው?» እያሉ ለሚብሰለሰሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። እኔም አከራይ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት አካውንቴ ተዘግቶ አገኘሁት። ምክንያቱን ስጠይቅ «ደንባችንን የሚጥስ ነገር አግኝተናል» የሚል አንቀጽ መጣልኝ፤ የትኛውን ደንብ ብዬ ብጠይቅ ያው አንቀጽ ተመልሶ መጣ። የዚያን መድረክ ስም እዚህ አላነሳም፤ የምጽፈው ስለ አካሄዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አከራዮች ጠይቀውኛል፤ የሚከተሉት ጥያቄዎች የእነሱ ናቸው።

መናገር ለውጥ ያመጣል ወይስ ትርፉ ድካም ነው?

ያመጣል። የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከጠየቁት ያነሰ ነው። ይህን ከወዲሁ ያወቀ ሰው መሃል መንገድ ላይ ተስፋ አይቆርጥም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሆነውን እናስታውስ። ኮሮና ዓለምን ሲዘጋ ኤርቢኤንቢ የተባለው የኪራይ መድረክ እስከ ማርች 14 ድረስ ቤት ይዘው የነበሩና በቀጣዮቹ ሳምንታት መምጣት የነበረባቸው እንግዶች ከሰረዙ ሙሉ ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ወሰነ። ለእንግዳው ተገቢ ውሳኔ ነበር፤ ገንዘቡን እንዳያጣ ፈርቶ በወረርሽኝ መሃል የሚጓዝ ሰው መኖር የለበትም። አከራዩን ያቃጠለው ሌላ ነው። እያንዳንዱ አከራይ ቤቱን ሲያስመዘግብ የስረዛ ደንቡን ራሱ መርጦ ነበር። ጥብቁን ደንብ የመረጠ ሰው እንግዳው ቢቀር እንኳ ከፊሉ ገንዘብ እንደሚገባለት ቆጥሮ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል፣ የጽዳት ሠራተኛ ይቀጥራል። ኩባንያው በውሉ ውስጥ ለአስገዳጅ ሁኔታ ያስቀመጠውን አንቀጽ መዝዞ ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሻረው። ከአከራዮች ጋር ግን አልመከረም።

አከራዮች ተናገሩ፤ በየማኅበራቸው፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው፣ በየጋዜጣው። በማርች 30 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ብራያን ቼስኪ ለአከራዮች ደብዳቤ ጻፈ። ውሳኔውን ከእነሱ ጋር ሳይመክሩ ለእንግዶች በማሳወቃቸው ይቅርታ ጠየቀ፤ 250 ሚሊዮን ዶላር መመደቡንም ገለጸ። ስሌቱ ይህ ነበር፦ አከራዩ በራሱ የስረዛ ደንብ ሊያገኝ ይገባው ከነበረው ላይ 25 በመቶ። 400 ዶላር ይገባው የነበረ 100 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ሱፐርሆስት የሚባለውን ማዕረግ ለያዙና ለተቸገሩ አከራዮች 10 ሚሊዮን ዶላር ተለየ፤ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሺህ ዶላር።

ውሳኔው አልተቀለበሰም። ሩብ ደግሞ ሩብ ነው። ነገር ግን ያ ሩብ ዝም ቢባል ኖሮ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ከሁሉ በላይ ልብ ያልኩት የንግግሩን ይዘት ነው። እንግዳው ገንዘቡ ለምን ተመለሰለት ብለው የጮኹት በቀላሉ «ስግብግቦች» ተባሉ። «የመረጥኩትን ደንብ ሳትጠይቁኝ ሻራችሁት» ያሉትን ግን ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም፤ ይቅርታው የተጠየቀውም በዚያው ነጥብ ላይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ረጅም ትዕግሥት የጠየቀ ነው። በ2021 ሁለት የስፔን የሆቴል ማኅበራት ቡኪንግ ዶት ኮም የተባለውን የማረፊያ ማስያዣ መድረክ የንግድ ውድድርን ለሚቆጣጠረው የአገሪቱ ባለሥልጣን ከሰሱ። ካቀረቧቸው ቅሬታዎች መካከል ሆቴሎች በራሳቸው ድረ ገጽ ከመድረኩ ባነሰ ዋጋ እንዳይሸጡ መከልከላቸው አንዱ ነበር፤ መድረኩ ግን የእነሱን ዋጋ በራሱ ፈቃድ ዝቅ ማድረግ ይችል ነበር። ባለሥልጣኑ በጁላይ 2024 ከ413 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ቅጣት ጣለ። ኩባንያው ይግባኝ እላለሁ አለ። ከክሱ እስከ ቅጣቱ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ።

ከመናገሬ በፊት ምን ልያዝ?

ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፤ ብዙ እውነተኛ በደል መና የሚቀረው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አካውንት ሲዘጋ የሚዘጋው ገቢያችሁ ብቻ አይደለም። ከእንግዳው ጋር የተጻጻፋችሁት፣ የክፍያ ታሪኩ፣ የቦታ መያዣው ቀን፣ እንግዶች የሰጧችሁ አስተያየት ሁሉ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ክርክር በሚነሳበት ሰዓት ማስረጃው በተከራካሪያችሁ እጅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሰላም በሆነ ቀን ተነሥታችሁ ቅጂ አስቀምጡ። የክፍያ ዝርዝሩን በየወሩ አውርዱ። የአገልግሎት ውሉን ሙሉ ጽሑፍ ከነቀኑ ያዙ፤ ውሎች ይቀየራሉ፣ ጉዳያችሁ የሚዳኘው ግን በጊዜው በነበረው ውል ነው።

ከደንበኞች አገልግሎት ጋር በስልክ ካወራችሁ ወዲያው በመልእክት ጻፉላቸው፦ «ዛሬ በዚህ ሰዓት ባደረግነው ንግግር ይህን ነግራችሁኛል፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ» ብላችሁ። ካላረሙት ጽሑፉ ማስረጃ ሆኖ ይቆማል። የጉዳዩን ቁጥር አትርሱ። ስክሪንሹት ስታነሡ ቀኑና የገጹ አድራሻ የሚታይ ይሁን፤ የተቆረጠ ስክሪንሹት የተቆረጠ እውነት ይመስላል።

የጊዜ ገደብም አለ። ኤርቢኤንቢ ለአከራዮች በሚሰጠው ኤርከቨር በተባለው ከለላ እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የንብረት ጉዳት ይሸፈናል ይላል፤ ጥያቄው ግን እንግዳው በወጣ በ14 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ደግሞም ኩባንያው ራሱ ይህ የኢንሹራንስ ፖሊሲ አይደለም ብሎ ጽፏል። በ20ኛው ቀን «አልከፈሉኝም» ብሎ በአደባባይ የሚናገር ሰው መድረኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሰዋል። ጅብ ካለፈ በኋላ የሚጮህ ውሻ እንዳንሆን።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ከሜይ 2018 ጀምሮ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቷችኋል፦ መድረኩ ስለ እናንተ የያዘውን መረጃ ቅጂ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በመርህ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መመለስ አለበት። አካውንቱ ከተዘጋ በኋላም ይሠራል።

በቀል ቢደርስብኝስ? ቤቴን ከፍለጋው ውጤት ወደ ታች ቢያወርዱትስ?

ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ምክር ከወዳጅ ሁሉ ይመጣባችኋል፤ ወዳጅ የሚመክረው ስለሚወዳችሁ ነው። ቤቱን ማን ቀድሞ እንደሚያየው የሚወስነው አልጎሪዝም የሚባለው የኮምፒውተር ስሌት ስለሆነ፣ ደረጃችሁ ቢወርድ ከንግግራችሁ ጋር ይያያዝ ወይም ከገበያው መቀዝቀዝ ጋር ለማረጋገጥ እጅግ ከባድ ነው። «ተበቀሉኝ» ብላችሁ ያለ ማስረጃ ብትናገሩ ዋናውን ቅሬታችሁን ታዳክማላችሁ።

ከመናገራችሁ በፊት ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ስንት ሰው ቤታችሁን እንዳየ፣ ስንቱ እንደያዘ መዝግቡ። ያኔ በኋላ የምትሉት ነገር መሠረት ይኖረዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፦ ኑሮአችሁ ሙሉ በሙሉ በአንድ መድረክ ላይ ከተንጠለጠለ መጀመሪያ ሌላ በር ክፈቱ። ሌላ መድረክ፣ የራስ ድረ ገጽ፣ ቀድሞ የሚያውቋችሁ እንግዶች። ወራት ይፈጃል፤ ግን ሌላ በር ያለው ሰው ሲናገር ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ይህን ማድረግ የማይችል አለ፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያው ገቢ ብቻ ነው። እሱ በማኅበር በኩል ቢናገር ወይም ስሙን ለጋዜጠኛው ብቻ ሰጥቶ በሕትመቱ እንዳይወጣ ቢያደርግ ፈሪ አይባልም።

በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 12 ቀን 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ 2019/1150 እንደ ንግድ ለሚያከራዩ ሰዎች የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል። መድረኩ አገልግሎቱን ሲገድብ ወይም ሲያግድ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ፣ ሙሉ በሙሉ ሲያቋርጥ ደግሞ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ደረጃ የሚወሰንባቸውን ዋና ዋና መለኪያዎች በውሉ ውስጥ መግለጽም ግዴታው ነው። ይህ ደንብ በማይሠራበት አገር ብትኖሩም ጥያቄዎቹን ተዋሷቸው፤ «የትኛው አንቀጽ? ምን ድርጊት? መቼ?» ብሎ መጠየቅ ሕግ አይፈልግም።

ስም በማጥፋት ልከሰስ እችላለሁ?

እንደየአገሩ ነው። ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር ብቻ የሚታይበት አገር አለ፣ እስር የሚያስከትልበትም አለ። ነገሩ ከባድ ከሆነ ከመናገራችሁ በፊት የአገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ።

በየትኛውም አገር ቢሆን ግን አነጋገር ልዩነት ያመጣል። «ሌቦች ናቸው» ማለት ወንጀል ሠርተዋል ማለት ነው፤ በብዙ አገር ማስረዳት የእናንተ ዕዳ ይሆናል። «ሦስት እንግዶች ቆይተው ሄደዋል፤ የሦስቱም ክፍያ እስከ ዛሬ አልገባልኝም፤ አራት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም» ማለት ግን ከመዝገብ ላይ የሚነበብ ነገር ነው። ሁለተኛው ሰሚውን ይበልጥ ያስቆጣል። ቁጣውን ለሰሚው ተዉለት።

ዓላማቸው መርታት ሳይሆን ተናጋሪን በወጪ ማድከም የሆነ ክሶች እንዳሉም እወቁ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባወጣው መመሪያ 2024/1069 ድንበር በሚሻገሩ ጉዳዮች ላይ እንዲህ ያለ ክስ ከጅምሩ ውድቅ የሚደረግበትን መንገድ አስቀምጧል። በአሜሪካም ብዙ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

የፈረምኩት ውል መናገር ይከለክለኛል?

ብዙውን ጊዜ ትችትን በቀጥታ አይከለክልም። የሚከለክለው የእንግዳን የግል መረጃ ማውጣትን፣ እንግዳን ከመድረኩ ውጭ ወስዶ ማስተናገድንና የመሳሰለውን ነው። ተናጋሪ ሰው የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ንጹሕ ሁኑ። የት እንደምትከራከሩም አንብቡ። በአሜሪካ ላሉ ተጠቃሚዎች የኤርቢኤንቢ ውል አለመግባባት በግልግል ዳኝነት፣ እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው እንዲታይ ያዛል፤ የቡድን ክስን ይዘጋል። ፍርድ ቤት አቤት እላለሁ ብሎ ከመዛት በፊት ይህን ማየት ነው።

የበደለኝን እንግዳ ስምና ፎቶ ላውጣው?

አታውጡ። ቤታችሁን ያፈራረሰ እንግዳ ቢሆንም እንኳ። ውል ታፈርሳላችሁ፣ ምናልባት ሕግም፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጉዳዩ ከኩባንያው ላይ ተነሥቶ በእናንተና በአንድ ግለሰብ መካከል ያለ ጠብ ይሆናል። የምታወሩት እንግዳው ስላደረገው አይደለም፤ መድረኩ ያንን ሰምቶ ስለወሰነው ነው።

የት ልናገር? ማኅበራዊ ሚዲያ ይበቃል?

መጀመሪያ የመድረኩን የውስጥ ቅሬታ መንገድ ጨርሱ። ተስፋ ስላለው ብቻ አይደለም፤ በኋላ «ለእኛ ሳይነግረን አደባባይ ወጣ» የሚል መልስ እንዳይኖር ነው። ቀጥሎ ሸማቾችን ወይም ውድድርን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት፤ ከዚያ ጋዜጠኛ። ማኅበራዊ ሚዲያ ፈጣን ነው፣ ግን ነገ ይረሳል።

ጋዜጠኛ ኩባንያውን ደውሎ ሲጠይቅ ጉዳያችሁ ከደንበኞች አገልግሎት ተራ ወጥቶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ወር ሙሉ መልስ ያጣ ሰው በሁለት ቀን መልስ ሲያገኝ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል፣ ግን እውነት ነው። ለጋዜጠኛ የምትልኩት አንድ ገጽ ይብቃው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የተጀመረበትን ቀን ከላይ አስቀምጡ፤ ወረቀቱን አባሪ አድርጉ፤ የምትጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሃያ በደል በአንድ ደብዳቤ አትዘርዝሩ። አንዱ ይበቃል፤ ሊካድ የማይችለውን ምረጡ።

ብቻዬን ወይስ ከሌሎች ጋር?

ከተቻለ ከሌሎች ጋር። በ2023 የቡኪንግ ዶት ኮም አከራዮች በበርካታ አገሮች ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ክፍያቸው ሳይገባላቸው ቀረ። እያንዳንዱ ችግሩ የራሱ ባንክ ወይም የራሱ አካውንት ሊመስለው ይችላል። ድምፃቸው በጋዜጦች ላይ ሲሰባሰብ ግን ችግሩ የሥርዓቱ እንደሆነ ታየ። ኩባንያው የቴክኒክ ችግር ነው አለ፤ የሃንጋሪ የውድድር ባለሥልጣንም ምርመራ ከፈተ።

አንድ ጥንቃቄ፦ አብሮ መክሰስና አብሮ ዋጋ መቁረጥ አንድ አይደሉም። አከራዮች ተሰብስበው «ሁላችንም ከዚህ ዋጋ በታች አናከራይ» ቢሉ በብዙ አገር የውድድር ሕግ ራሳቸው ተከሳሽ ይሆናሉ። ስለ ክፍያ መዘግየት፣ ስለ እገዳ፣ ስለ ውል አብሮ አቤት ማለት ግን ሌላ ነው። ስብሰባው ላይ የዋጋ ወሬ ከተነሣ አቁሙት።

ሰው ለአከራይ ያዝናል? ቤት ስላላችሁ «ምን ጎደላችሁ» ይሉናል።

ይላሉ፣ ከፊል እውነትም አላቸው። የአጭር ጊዜ ኪራይ በተስፋፋባቸው ከተሞች የነዋሪው የቤት ኪራይ መወደዱ በጥናትም በፖለቲካም የሚያከራክር ትልቅ ጉዳይ ነው። ያንን የሚናገሩ ሰዎችን መሳደብ አይገባም፤ እነሱም የተበደሉበት ነገር አላቸው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አከራይ ገንዘብ ማግኘቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው አንድ ክርክር ነው፤ አንድ ኩባንያ የሰውን ገቢ ምክንያት ሳይናገር በአንድ ቁልፍ ማቋረጥ ይችላል አይችልም የሚለው ሌላ። ሁለተኛው ታክሲ ነጂውንም፣ ምግብ አድራሹንም፣ በኢንተርኔት የሚሸጠውንም ይነካል። በዚያ መልክ ስትናገሩ የማይመስላችሁ ሰው አጠገባችሁ ይቆማል።

ኩባንያው ደውሎ «ካሳ እንስጥህ፣ ዝም በል» ቢልስ?

መቀበል ክህደት አይደለም። ዕዳ ያለበትን ሰው በሩቅ ሆኖ «ለምን ተቀበልክ» ማለት ቀላል ነው። ብቻ የሚፈረመውን ወረቀት ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ስለ ገንዘቡ መጠን ብቻ ነው ዝም የሚያሰኘው ወይስ ስለ ጉዳዩ በሙሉ? ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መናገርንም ይከለክላል? ለስንት ጊዜ? ብትጥሱት ቅጣቱ ስንት ነው? ለማንበብ ጊዜ ካልሰጧችሁ አትፈርሙ። አካውንታችሁ የታገደው በስህተት ከነበረ ያንን በጽሑፍ እንዲያምኑ ጠይቁ፤ ገንዘብ ያልቃል፣ ያ ደብዳቤ ግን ሌላ መድረክ ላይ ለመመዝገብ ስትሄዱ ያስፈልጋችኋል።

የተናገርኩት ስህተት ሆኖ ቢገኝስ? ወይም ችግሩ ቢፈታልኝ?

ስህተቱን መጀመሪያ በተናገራችሁበት ቦታ፣ በዚያው ድምፅ አርሙት። ዝም ብላችሁ አታጥፉት፤ የጠፋው ጽሑፍ ቅጂ በእነሱ እጅ አለ።

ከተፈታም ተናገሩ። ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ማን ጋር ሲደርስ እንደተፈታ፣ ምን እንደከፈሉና ምን እንዳልከፈሉ። የእኔ አካውንት ሲከፈት የመጣልኝ መልእክት ሁለት መስመር ነበር፤ ምክንያቱን ዛሬም አላውቀውም። ቀኖቹን ቆጥሬ ጻፍኩት። ከወራት በኋላ አንዲት አከራይ ያንን ጽሑፍ ከቅሬታዋ ጋር አያይዛ እንደላከች ነገረችኝ።